«140 ፎቶ ሰብስቤ ላክሁለት፤ ዲዛይነሩ ግን አልገባኝም አለ»

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና እናቴ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀን ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ስንሸጥ አራት ዓመት ሆነን። አሁን በደንብ አሽገን ሱፐርማርኬት ልናስገባ ነው። ዲዛይነር ይዘናል። እሱም «መጀመሪያ ሙድ ቦርድ እንሥራ፣ ደስ የሚልሽን ነገር ሰብስቢ» አለኝ። ፒንተረስት ከሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ 140 ፎቶ ለቅሜ ላክሁለት። «ከዚህ ውስጥ ምን እንደፈለግሽ አልገባኝም» አለ። እኔ ደግሞ ሁሉም ያምሩኛል። እናቴ «ሥዕል መልቀም ምን ያደርጋል፣ ቀይ ፌስታል ላይ ስማችንን ይጻፍልን» ትላለች። ሙድ ቦርድ የእኔ ሥራ ነው ወይስ የሱ? እንዴትስ ነው የሚሠራው? ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን ሰላም በይልኝ። የቀዩን ፌስታል ነገር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። እኛ ጋ «ሙድ መያዝ» ማለት ሰው ላይ ማሾፍ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ «ሙድ ቦርድ ላሳይዎት» ብለው፣ «በኔ ላይ ነው?» ብሎኛል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ዕቃሽ ሰው ፊት ሲቆም ምን ዓይነት ስሜት እንዲሰጥ እንደምትፈልጊ በፎቶ፣ በቀለም፣ በፊደልና በወረቀት ወይም በጨርቅ ቁራጭ የሚያሳይ አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ነው ያልኩት። ሎጎ አይደለም፣ የማሸጊያ ዲዛይንም አይደለም። ከሁለቱም በፊት አንቺና ዲዛይነሩ የምትስማሙበት ነገር ነው።

140 ፎቶ ግን መጋዘን ነው። ከመጋዘን ውስጥ ሰው ምን እንደምትፈልጊ ሊያውቅ አይችልም፣ ያለሽን ብቻ ነው የሚያየው። ዲዛይነርሽ «አልገባኝም» ማለቱ ታማኝነት ነው። ሌላው ቢሆን ከ140ው የሚቀለውን አንዱን መርጦ ይሠራልሽ ነበር፣ አንቺም ከወር በኋላ «ይኼ እኛን አይመስልም» ብለሽ ትጣይዋለሽ። ጥፋት ከተባለ የሱ ጥፋት «ደስ የሚልሽን ሰብስቢ» ማለቱ ነው። ደስ የሚል ነገር ማለቂያ የለውም።

የማን ሥራ ነው ላልሽው፦ ገጹን ማቀናበር የሱ ነው፣ ጥሬ ዕቃው ግን ካንቺ ቤት ነው የሚመጣው። ባለሙያው ቀለምና ፊደል ያውቃል። የእናትሽን ጓዳ አያውቅም።

ለምን ምስል አስፈለገ፣ በቃል አንነጋገርም ወይ ትዪ ይሆናል። ቃል ያጣላል። «ዘመናዊ ሆኖ ባህሉን የጠበቀ» የሚል ደንበኛ ያልመጣብኝ ዓመት የለም። ሁሉም ይላታል፣ ሁሉም ግን ሌላ ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። እኔ ራሴ የተቀጣሁበትን ልንገርሽ። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ማር የሚሸጥ ሰው «ሞቅ ያለ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። ማርም ነው፣ ሞቅ ያለም ነው፤ ብርቱካንማና ቢጫ ይዤ ሄድኩ። አልወደደውም። ቀይ ጨመርኩበት። ጭራሽ አልወደደውም። ሰባት ሎጎ ሠራሁ፣ ሦስት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ ሰውየው ተናደደና ስልኩን አውጥቶ የአያቱን ቤት ፎቶ አሳየኝ። ጭስ ያጠቆረው የጎጆ ጣሪያ፣ ከሥሩ የተሰቀለ ነጭ ጋቢ፣ በበሩ ስንጥቅ የገባ ቀጭን ብርሃን። የሱ «ሞቅ ያለ» ጥቁር ቡናማና ነጭ ኖሯል! ያቺን ፎቶ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቀው ኖሮ ሦስት ሳምንቴን ባልበላሁ።

ስለዚህ ፎቶ ከመልቀምሽ በፊት አንድ ወረቀት አውጪና ከእናትሽ ጋር ቁጭ በዪ። የምትሸጡት ነገር ምን ይመስል ብላችሁ ሦስት መስመር ጻፉ። ግን እያንዳንዱ መስመር ውስጥ «ግን» ይኑር። «የቤት ነው፣ ግን ዝርክርክ አይደለም።» «ንጹሕ ነው፣ ግን ፋርማሲ አይመስልም።» «ያቃጥላል፣ ግን አያስፈራም።» ይቺ «ግን» ትንሽ ብትመስልም ትልቅ ሥራ ትሠራለች። «ንጹሕ» ብቻ ብትዪ ዲዛይነሩ ነጭ በነጭ አድርጎ የመድኃኒት ካርቶን ያመጣልሻል። ከ«ግን» በኋላ ያለው ቃል የት ላይ መቆም እንዳለበት ይነግረዋል።

ቀጥሎ ሱፐርማርኬት ሂጂ። ልትገዢ አይደለም። የሽሮና የበርበሬው መደርደሪያ ፊት ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብለሽ ቁሚና አንድ ፎቶ አንሺ። ጥበቃው ከተቆጣ ግማሽ ኪሎ ጨው ግዢና አስፈቅጂ። ያን ፎቶ ቤት ስታዪው የሚገርምሽ ነገር አለ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት። ሞሰብ። አንዳንዱ ላይ ጀበና፤ ሽሮ ማሸጊያ ላይ ጀበና ምን ይሠራል? ጠርዙ ላይ ጥበብ። ከላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሁሉም «ባህላዊ» ለማለት የተጠቀሙት ያንኑ ቃል ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲናገሩ ደግሞ ማንም አይሰማም።

ቀለም በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ እንደማይሆን እዚህ ላይ ነው የሚገባሽ። ጎረቤቱ ነው የሚወስነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ጭራ አስቢው። እነዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ላባ የሚመስሉ ቅርጾች ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ላይ ከሌሎች ጭራዎች መሐል ከሩቅ ይለያሉ። እዚያ ጎረቤቶቹ ሌሎች ናቸው። ያው ሦስት ቀለም አዲስ አበባ የሽሮ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን «እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ» ከማለት ሌላ የሚለው የለም። ወደ ውጭ እንልካለን ብላችሁ ብታስቡም ያው ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጠው ከሌላ የሐበሻ ሽሮ ጎን ነው።

የመደርደሪያውን ፎቶ አትጣይው። ሙድ ቦርዱ ጥግ ላይ በትንሹ ይለጠፍ፣ ላዩ ላይ ኤክስ ይደረግበት። የማትፈልጊውን ማሳየት ለዲዛይነር ከምትፈልጊው እኩል ይጠቅመዋል። እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። እኔ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ስለሆነ ትንሽ ብንዛዛ ታገሺኝ።

ፒንተረስትን ለአንድ ሳምንት ዝጊው። መጥፎ ሆኖ አይደለም። እዚያ «ቅመም ማሸጊያ» ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣልሽ ሌላ አገር ሌላ ሰው ለሌላ መደርደሪያ የሠራው ነው። ካንቺ በፊት ደግሞ ስንት ሰው አይቶታል። የእናትሽን ሰሌን ግን ማንም አልለጠፈውም። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲደለዝ፣ ሲሰጣ፣ ሲታመስ አንድ ሙሉ ዙር በስልክሽ ተከተዪው። የእናትሽን ፊት አይደለም የምትፈልጊው። እጃቸውን፣ ጥፍራቸው ላይ የቀረውን ቀይ፣ የወንፊቱን ሽቦ፣ ሙቀጫው ጠርዝ ላይ የደረቀውን ነጭ ሽንኩርት፣ ሰፌዱ ላይ የተበተነውን ኮረሪማ አንሺ። ኮረሪማ ሲፈለፈል ፍሬው ምን ዓይነት ቡናማ እንደሆነ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ጥቁር አዝሙድስ በእውነት ጥቁር ነው? ቀርበሽ እዪው። ሽሮው ደግሞ የራሱ ዓለም አለው። የተቆላ ሽምብራ፣ የተከካ አተር፣ ነጭ ሽሮ፣ ምጥን ሽሮ። አራት ሳህን ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው ከገለባ እስከ ጡብ የሚሄድ የቀለም መሰላል ይሆኑልሻል። ይህን መሰላል የትኛውም ድረ ገጽ አይሰጥሽም።

ፎቶውን ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አንሺ፣ ወይም ጥላ ውስጥ። የቀትር ፀሐይ በርበሬን ብርቱካንማ ያስመስለዋል። የጓዳ አምፖል ደግሞ ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርጋል። ከዕቃው ጎን አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጪ። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ነጭ ካልሆነ ቀለሙም ውሸት ነው። ስትልኪለት ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል።

ከፎቶውም የሚሻል ነገር አለ። ሦስት ትንንሽ ጥርት ያሉ ላስቲኮች ውሰጂና በርበሬውን፣ ምጥን ሽሮውን፣ ነጭ ሽሮውን አንድ አንድ ማንኪያ ጨምረሽ እሰሪያቸው። ቦርዱ ላይ ለጥፊያቸው። የስልክሽ ስክሪንና የሱ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቀይ አያሳዩም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ ደግሞ በሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦግ ቀይ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይደበዝዛል። በርበሬው ራሱ ላስቲክ ውስጥ ካለ ግን ክርክር የለም። ማተሚያ ቤት ድረስ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ናሙናው ከወጣው ወረቀት ጎን ታስቀምጡታላችሁ፣ «ይህን ነው የምንፈልገው» ትላላችሁ።

እናትሽ ቀይ ያሉት እዚህ ላይ ነው ትክክል የሚሆኑት። የበርበሬ ቀይ ግን የባንዲራ ቀይ አይደለም። ጠቆር ይላል፣ ቡናማ አለበት። በተለይ የማረቆ በርበሬ ከሆነ የምታዘጋጁት ያን ጥልቅ ቀይ ታውቂዋለሽ። መደርደሪያው ላይ ያለው የከረሜላ ቀይ ነው። እናትሽን «የቱን ቀይ ነው የሚሉት?» ብለሽ ሁለቱን አሳያቸው። የሚጠቁሙትን ገና ሳላይ አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ፊደል። ሰዎች ሙድ ቦርድ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው፣ በኋላ የሚጎዳቸውም ይኸው ነው።

ከሰበሰብሻቸው 140 ፎቶዎች ስንቶቹ ላይ የግዕዝ ፊደል አለ? ገምቼ ልንገርሽ፣ አንድም የለም። «ያምራል» ያልሽው ማሸጊያ ላይ ያለው ቀጭን፣ ተራርቆ የተጻፈ የላቲን ትልቅ ፊደል ነው። ውበቱ ግማሹ እሱ ነው። እሱን አውጥተሽ «ሽሮ» ብለሽ ስትጽፊበት ዲዛይኑ ይፈርሳል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ አካል ያለው ነው፣ እግርና ቀለበቱ ነው ድምፁን የሚነግርሽ። በጣም ሲቀጥን እነዚያ ትንንሽ ምልክቶች ይጠፋሉ። በጣም ሲራራቅ ደግሞ ቃሉ ይበተንና ፊደል ቆጠራ ይመስላል። አንዱ ተማሪዬ «በርበሬ»ን መሐሉ ላይ ሰፋ አድርጎ ከፍሎት «በር» እና «በሬ» ሆኖ ተነበበ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን እልህ ይዞት በርና በሬ ያለበት ሎጎ ሠርቶ መጣ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም።

ስለዚህ ቦርድሽ ላይ ቢያንስ ሦስት የአማርኛ ጽሑፍ ፎቶ ይኑር። የት ይገኛል? ከቤትሽ ውጪ ነው። በእጅ የተጻፉ የሱቅና የወፍጮ ቤት ታፔላዎች አሁንም በየሰፈሩ አሉ። የድሮ መጻሕፍት ሽፋን እዪ። ታክሲ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ እዪ። የብራና መጽሐፍ ፎቶ ካገኘሽ ደግሞ አተኩረሽ እዪው። በመቃ ብዕር የተጻፈ ፊደል አንዱ መስመር ወፍራም ሌላው ቀጭን ነው፣ ለዚህ ነው ሕይወት ያለው የሚመስለው። ቀለሙም ጥቁርና ቀይ ብቻ ነው። ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይውላል። በሁለት ቀለም ስንት መቶ ዓመት ተሠርቶበታል! ይህን ያነሳሁት እንድትቀጂው አይደለም። የሃይማኖት መጽሐፍ የሚመስል የሽሮ ከረጢት እንዳታወጪ። ስሜቱን ነው፤ ጥቂት ቀለም፣ ግን እያንዳንዱ ምክንያት ያለው።

ኮምፒውተር ላይ ያለው ፊደልም ይታሰብበት። ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ካካተተ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል። ግን ብዙ ማሸጊያ አሁንም የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ በተገኘው ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ጥሩ ፊደል ነው፤ ግን ከደብዳቤ እስከ ልቅሶ ማስታወቂያ በሱ ስለተጻፈ የራስሽ አይሆንም። ዲዛይነርሽን «ስማችንን በእጅ ትሥለዋለህ ወይስ ከተዘጋጀ ፊደል ነው?» ብለሽ አሁኑኑ ጠይቂው። መልሱ ዋጋውንም ጊዜውንም ይለውጠዋል።

መልቀሙ ካለቀ መጣሉ ይጀመራል። የኔ እምነት ይህ ነው፦ ሙድ ቦርድ የሚሠራው በምትጥዪው ነው። ከፒንተረስቱም፣ ከጓዳውም፣ ከመንገዱም ያለውን ሁሉ በትንሹ አሳትመሽ ወለል ላይ ዘርጊው። ማተም ከከበደሽ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን ድረ ገጽ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ወለሉ ይሻላል፤ እናትሽም ይሳተፋሉ። ከዚያ አንድ አንዱን እያነሳሽ «ይህን ያነሳሁት ለምንድን ነው?» በዪ። መልሱን ጀርባው ላይ በአንድ ቃል ጻፊ። ለቀለሙ። ለፊደሉ። ለብርሃኑ። ለወረቀቱ ሸካራነት። «ያምራል» መልስ አይደለም። መልስ ያጣሽለት ይጣላል። ሁለት ፎቶ አንድ ዓይነት መልስ ካላቸው ደከም ያለው ይጣላል። እዚህ ላይ ልብሽ ይቆረጣል፣ አውቃለሁ። ሰው የወደደውን ፎቶ ለመጣል ሲጨነቅ የዘመድ ሠርግ ጥሪ ሊሰርዝ ይመስላል። ግን እስከ አስራ አምስት ድረስ ውረጂ። አስር ብትደርሺ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ሲጣል አንዳንድ ነገር ራሱ ይገለጥልሻል። ባለፈው ዓመት ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ይህንኑ ስናደርግ፣ የቀሯት አስራ ሁለት ፎቶዎች ላይ ሁሉ ጥላ ነበር። አንድም ደማቅ ፎቶ የለም። እሷ ራሷ አላስተዋለችውም ነበር። «እኔ ደማቅ ሰው መስሎኝ» አለች።

የቀሩት እኩል አይደሉም። ዋናው ስሜት ያለበት ፎቶ ትልቅ ይሁን፣ ከሌሎቹ ሦስትና አራት እጥፍ። ቀለሙም እንደዚሁ። ወጥ ውስጥ ሽሮው፣ ዘይቱና ጨው እኩል አይገቡም መቼም። አንድ ቀለም ሰፊውን ቦታ ይያዝ፣ አንዱ ያግዘው፣ ሦስተኛው ቁንጥር ይሁን። ሁሉንም እኩል ካደረግሽው ዲዛይነሩ የቱ አለቃ የቱ ምንዝር እንደሆነ አያውቅም፣ ተመልሰሽ ወደ 140ው ትሄጃለሽ።

የቀለም ብዛት ገንዘብም ነው። በጥቅል ላስቲክ ላይ በሲሊንደር የሚታተም ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል፣ እያንዳንዱም ይከፈልበታል። በዚያ ላይ ማተሚያ ቤቱ ብዙ ካላዘዝሽ አይጀምርልሽም። ለጀማሪ የማየው ባዶ ከረጢት ገዝቶ ላዩ ላይ ስቲከር መለጠፍ ነው። ስቲከሩ በዲጂታል ማሽን ስለሚታተም በቀለም ብዛት አያስጨንቅሽም፣ በትንሽ ቁጥርም ይሠራል። ከረጢቱ ካኪ ወረቀት ከሆነ ግን ልብ በዪ። ካኪ ላይ በቀጥታ ሲታተም ነጭ የሚባል ነገር የለም፣ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ እሱም ቡናማ ነው። ቢጫ ይሰምጣል። ስለዚህ የምታስቢውን የከረጢት ቁራጭ ቦርዱ ላይ ለጥፊ። ቀለሞቹን በነጭ ገጽ ላይ መርጠሽ በካኪ ማሳተም፣ በሶፋ ጨርቅ ቀሚስ እንደማሰፋት ነው።

አንድ ብቻ አትሥሩ። ሁለት ቦርድ ይሁን፣ «ሀ» እና «ለ»። አንዱ ከእናትሽ ጓዳ የወጣ ጠቆር ያለና የእጅ ሥራ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ሌላው ፈካ ያለ፣ ብዙ ባዶ ቦታ ያለው፣ ፊደሉ ደፈር ያለ። ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲያሳዩት «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለት ሲያሳዩት ግን ይከራከራል፣ ሲከራከር ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ከዚያ ሁለቱን ዕቃውን ለማያውቁ ሰዎች አሳዩ። ለሚወዱሽ ጓደኞችሽ አይደለም፣ እነሱ ሁሉንም ያሞግሳሉ። ለአምስት ሰከንድ ያህል አሳይተሽ ደብቂውና ሁለት ጥያቄ ጠይቂ። «ይህ ሰው ምን የሚሸጥ ይመስልሃል?» «ውድ ነው ርካሽ?» አንዱ «ሳሙና» ካለሽ አትሳቂ፣ ጻፊው። ሁለት ሰው «ሳሙና» ካለ ቦርዱ ላይ ቅጠልና ነጭ በዝቷል ማለት ነው። «ውድ ነው» ካሉ ደግሞ ዋጋሽን አስቢ። ከጎረቤቱ በጥቂት ብር ብቻ የሚበልጥ ሽሮ እጅግ ውድ የሚመስል ልብስ ሲለብስ ደንበኛው ሳይነካው ያልፋል።

ሁለት ጥንቃቄዎችን በአጭሩ ልበል። ከፒንተረስት የወሰድሽው ፎቶ ለመግባቢያ ብቻ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ማሸጊያሽ ላይ አይወጣም። የሰው ሎጎ ወድደሽ «እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» ካልሽ ደግሞ የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ስትሄጂ ሊመለስብሽ ይችላል። ከተመዘገበ ምልክት ጋር የሚያሳስት መመሳሰልን አዋጅ ቁጥር 501/1998 አይፈቅድም። ሁለተኛው፣ መስቀልም ሆነ ሌላ የሃይማኖት ምልክት ቦርዱ ላይ አታስገቢ። ሽሮ የጾም ምግብ ነው ብለሽ ታስቢው ይሆናል። ግን ሽሮን የሚበላው ሁሉም ነው፣ ማሸጊያው ደግሞ ማምሻውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። የተከበረ ነገር እዚያ መግባት የለበትም።

ከዲዛይነሩ ጋር ስትቀመጡ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። እሳቸው ሳያዩት የጸደቀ ቦርድ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ይፈርሳል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከመረጣችሁ በኋላ ቦርዱ ጀርባ ላይ ቀኑን ጻፉና ሦስታችሁም ፈርሙበት። የፍርድ ቤት ውል አይደለም። ግን በሦስተኛው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ «ለምን ወይን ጠጅ አናደርገውም?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ወረቀቱን ማውጣት ነው። አንዳንዴ ደንበኛ አይደለም፣ ዲዛይነሩ ራሱ ነው የሚሰለቸውና የሚቀይረው። ሲመጣልሽ «ከቦርዱ ላይ የቱን ነው ይህ?» በዪው። መልስ ካለው ስሚው።

የመጨረሻ ነገር፣ ስለዚያ ላስቲክ ውስጥ ስላለው በርበሬ። ቦርዱን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅዪው። በርበሬ ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙ ይሸሻል። ጥቂት ወር ቆይቶ ገርጥቶ ታገኚዋለሽ፣ ማተሚያ ቤት ይዘሽ ብትሄጂ የተሳሳተ ቀይ ይሠራልሻል። ስለዚህ ከአዲሱ በርበሬ ላይ እየዘገንሽ ቀይሪው። የወረደውን ግን አትጣይው። ዲዛይነሩ ማሸጊያው ፊት ላይ ዕቃው እንዲታይ ጥርት ያለ መስኮት እናውጣለት ማለቱ አይቀርም፤ አሁን ፋሽን ነው። ያኔ የገረጣውን ላስቲክ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።